የጡት ሴሎች በምን ይነጋገራሉ? ካንሰርስ ንግግራቸውን ምን ያደርገዋል?

ስለ ጡት ካንሰር ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው የአንድ ሴል ታሪክ ነው። የአንዱ ሴል ዘረመል ተዛባ፣ መባዛቱን ማቆም አቃተው፣ ከዚያ ዕጢ ሆነ። ይህ ልክ ነው፤ ግን የጎደለው ነገር አለ። በጡት ውስጥ ያለ ሴል ብቻውን አይኖርም። ዙሪያውን በጎረቤት ተከቧል፤ ከጎረቤቶቹም ጋር ቀን ከሌት መልእክት ይለዋወጣል። ልባዛ ወይስ ልቁም፣ ልኑር ወይስ ልሙት የሚለውን ሲወስን የእነሱንም ይሰማል። ካንሰር ሲጀምር ቀድመው ከሚታወኩት ነገሮች አንዱ ይኸው ጉርብትና ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ይህን ንግግር ስለሚያስኬዱት ፕሮቲኖች ነው። ዋናዎቹ ኮኔክሲን ይባላሉ። ሴሎችን አጣብቀው ስለሚይዙት ካድሄሪኖችም አነሳለሁ። ከወዲሁ አንድ ነገር ልናገር። እነዚህን ፕሮቲኖች «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ብሎ መፈረጅ አይቻልም። ዕጢው ገና ሲጠነሰስ ካንሰሩን የሚገታው ፕሮቲን፣ ካንሰሩ አንጎል ወይም አጥንት ከደረሰ በኋላ እዚያው ሲያገለግለው ይገኛል። ወሳኙ ጊዜውና ቦታው ነው። ይህን ሳንይዝ ስለ ሕክምናው ብናወራ መሳሳታችን አይቀርም።

ቀዳዳዋ እንዴት ትሠራለች?

ሴል ዙሪያውን በቀጭን የስብ ሽፋን ተሸፍኗል። በዚህ ሽፋን ላይ 6 ኮኔክሲኖች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ መሃላቸው ክፍት ነው። ጎረቤቱም ሴል በበኩሉ 6 ያቆማል። ሁለቱ ክቦች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው በቀጥታ የሚወስድ ጠባብ ቱቦ ይፈጠራል። በሁለቱ ሴሎች መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ብቻ ነው። የአንዲት ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖሜትር ይለካል፤ ትንሽነቱን ከዚህ ገምቱ። ይህ መገናኛ ጋፕ ጀንክሽን ይባላል።

በአጥር የሚዋሰኑ ሁለት ጎረቤቶችን አስቡ። አጥሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። በሷ በኩል ጨው ይሰጣጣሉ፣ ፍም ይቀባበላሉ፣ የታመመ ካለም ይነጋገራሉ። ሰው ግን አያልፍባትም። ጋፕ ጀንክሽንም እንዲሁ ነው። ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ስኳር፣ ለሴል ጉልበት የሚሆነው ኤቲፒ፣ ትእዛዝ የሚያደርሱ ትንንሽ ሞለኪውሎች ያልፋሉ። ትልልቅ ፕሮቲኖችና የሴሉ ዲኤንኤ ግን አያልፉም።

ኮኔክሲን ዕድሜው አጭር ነው። ብዙ ፕሮቲኖች ለቀናት ሲቆዩ እሱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይፈርስና በአዲስ ይተካል። ብክነት ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሴሉ ሲያስፈልገው ግንኙነቱን ቶሎ ይከፍታል፣ ሳያስፈልገው ቶሎ ይዘጋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ካንሰርም የሚገባው በዚሁ በኩል ነው።

በሰው ዘረመል ውስጥ 21 ዓይነት ኮኔክሲን አለ። ስማቸው ላይ ያለው ቁጥር ክብደታቸውን ይናገራል። ጡት ላይ አብዝተው የተጠኑት ኮኔክሲን 26 እና ኮኔክሲን 43 ናቸው። የጡት እጢዎችና ቱቦዎቻቸው በሁለት ረድፍ ሴሎች የተሠሩ ናቸው። የውስጠኛው ረድፍ ወተት ያመርታል። የውጪኛው ረድፍ እንደ ጡንቻ እየተኮማተረ ወተቱን ይገፋል። ኮኔክሲን 26 በውስጠኞቹ መካከል፣ ኮኔክሲን 43 ደግሞ በዋናነት በውጪኞቹ መካከል ይገኛል።

የሚሠሩት ሥራ በደንብ የሚታየው እናት ስታጠባ ነው። ሕፃኑ ጡት ሲይዝ ከእናትየው አንጎል ሥር ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል። ሆርሞኑ ጡት ሲደርስ የውጪኞቹ ሴሎች ይኮማተራሉ፤ ወተቱ ይወርዳል። እያንዳንዱ ሴል በየፊናው ቢኮማተር ኖሮ ግን ወተቱ በወጉ አይወርድም ነበር። በአንድ ላይ መኮማተር አለባቸው። ያን ቅንጅት ከሚሰጧቸው አንዱ ኮኔክሲን 43 ነው። በቤተ ሙከራ ይህ ፕሮቲን እንዲዛባ የተደረገባቸው እናት አይጦች ወተት እያላቸው በደንብ ማውረድ አልቻሉም። ልጆቻቸው በቂ ወተት አላገኙም። እኔን ከዚህ ሁሉ ጥናት በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው። በዓይን የማትታይ ቀዳዳ ተዛባችና ሕፃን ተራበ።

ጎረቤት የማይሰሙ ሴሎች

ካንሰርና የሴሎች ንግግር ግንኙነት አላቸው ብሎ በማስረጃ ያሳየው ጥናት የወጣው በ1966 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቨርነር ሎዌንስታይን እና ዮሺኖቡ ካኖ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች የአይጥ ጉበት ላይ ይሠሩ ነበር። እጅግ የቀጠኑ ኤሌክትሮዶችን ወደ አንድ ሴል አስገብተው የኤሌክትሪክ ጅረት ይለቃሉ፤ ከዚያ ጎረቤቱ ሴል ላይ ይደርስ እንደሆነ ይለካሉ። በጤነኛ ጉበት ጅረቱ ከሴል ሴል እየተቀባበለ ይሄዳል። በካንሰር በተያዘው ጉበት ግን ከገባበት ሴል አልወጣም። የካንሰር ሴሎቹ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ግን አይነጋገሩም።

ይህን በዓይን ማየትም ይቻላል። ዛሬም ብዙ ላብራቶሪዎች የሚያደርጉት ቀላል ሙከራ አለ። ሴሎች በአንድ ሳህን ላይ እንደ ስስ ምንጣፍ ተዘርግተው ያድጋሉ። ተመራማሪዋ በስለት አንድ መስመር ትጭራለች፤ በጭረቱ ላይ ያሉት ሴሎች ይቆስላሉ። የሚያበራ ቢጫ ቀለም ታፈስበታለች። ቀለሙ በቁስሉ በኩል ወደ ሴሎቹ ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃ፣ ትርፉን አጥባ በማይክሮስኮፕ ታያለች። ሴሎቹ ጤነኛ ከሆኑ ቀለሙ ከጭረቱ ተነስቶ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው ረድፍ ተሻግሯል። ግንኙነታቸውን ያጡ የካንሰር ሴሎች ከሆኑ ግን ቀለሙ ጭረቱ ጠርዝ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

ወደ ጡት ስንመጣ ስሟን ማንሳት የሚገባኝ ሳይንቲስት ሩት ሴጀር ናት። ቦስተን በሚገኘው የዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም ትሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው በካንሰር ሴል ውስጥ የተበላሸ ዘረመል ነው። እሷ ጥያቄውን ገለበጠችው። በጤነኛ የጡት ሴል ውስጥ ሥራ ላይ ያለ፣ በካንሰር ሴል ውስጥ ግን ሥራ ያቆመ የቱ ነው አለች። ሁለቱን ዓይነት ሴሎች ጎን ለጎን አነጻጸረች። በ1991 ከባልደረቦቿ ጋር ካወጣችው ዝርዝር ውስጥ አንዱ ኮኔክሲን 26 ሆኖ ተገኘ። ዘረመሉ አልተበላሸም፤ ዝም እንዲል ብቻ ተደርጓል። ሴጀር በዚህ ላይ ትልቅ ተስፋ ነበራት። የተሰበረን ዘረመል መጠገን ከባድ ነው፤ ዝም ያለን ግን ምናልባት መቀስቀስ ይቻላል።

ቀስቅሰው አዩት። በ1996 በወጣ ጥናት ኮኔክሲን 26ን ወይም 43ን ወደ ጡት ካንሰር ሴሎች መልሰው አስገቡ። የሴሎቹ ዕድገት ቀነሰ። አይጥ ላይ ሲተከሉም ዕጢ የማብቀል ኃይላቸው ተዳከመ። ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር፤ ግንኙነት ሲቋረጥ ካንሰር ይመጣል፣ ግንኙነት ሲመለስ ይሸሻል።

በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ይህን ቀላል መልስ አወሳሰበው። እንደገና ኮኔክሲን ወደ ጡት ካንሰር ሴሎች ገባ፣ እንደገና ዕጢው በአይጦቹ ላይ ቀነሰ። ሴሎቹ ግን ይህን ያህል መነጋገር አልጀመሩም። ታዲያ ዕድገቱን የገታው ምንድን ነው? ኮኔክሲን ቀዳዳ ከመሥራት ሌላ ሥራ አለው ማለት ነው። አንደኛው ጫፉ ወደ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በዚያ ጫፍ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይይዛል፣ ይለቃል፣ የመባዛት ትእዛዞችን ይነካካል። ስለዚህ «ኮኔክሲን አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የት ነው ያለው? ሽፋኑ ላይ ነው ወይስ ውስጥ ተቀብሮ? ምንስ ይዟል? እነዚህም መመለስ አለባቸው።

የሕመምተኞችን ናሙና በቀጥታ የመረመሩ ሐኪሞችም ከላብራቶሪው ታሪክ ጋር የማይገጥም ነገር አገኙ። ወደ ዙሪያው ዘልቆ በገባ የጡት ካንሰር ውስጥ ኮኔክሲን 26 ጠፍቶ አልቀረም፤ በብዙዎቹ ተመልሶ ታየ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን መቀመጥ በሚገባው የሴሉ ሽፋን ላይ አልነበረም፤ ሴሉ ውስጥ ተከማችቶ ነበር። ከብብት ሥር የተወሰዱ፣ ካንሰሩ የደረሰባቸው ንፍፊቶች ሲመረመሩ ደግሞ ኮኔክሲን ከመጀመሪያው ዕጢ ይልቅ እዚያ በዝቶ ታየ። ጃፓን ውስጥ የተሠራ ጥናትም ኮኔክሲን 26 በብዛት የተገኘባቸው ታካሚዎች ውጤታቸው የከፋ መሆኑን አሳየ። ዕጢ ይከላከላል የተባለው ፕሮቲን ከስርጭቱ ጋር አብሮ ተገኘ።

አንጎል ውስጥ የሚሆነው

የዚህን ምክንያት በደንብ ካሳዩት ጥናቶች በ2016 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ይገኝበታል። የሠሩት በኒውዮርኩ መሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የጆአን ማሳጌ ቡድን ናቸው። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ ከጡት ወይም ከሳንባ ተነስቶ አንጎል የደረሰ የካንሰር ሴል እዚያ ባዕድ አገር ውስጥ እንዴት ይኖራል?

አንጎል ውስጥ አስትሮሳይት የሚባሉ ሴሎች አሉ። ሥራቸው ነርቮችን መመገብና መጠበቅ ነው። እርስ በርሳቸውም በኮኔክሲን 43 በጣም የተሳሰሩ ናቸው። የካንሰሩ ሴል ሲመጣ ፕሮቶካድሄሪን 7 በሚባል ፕሮቲን ተጠቅሞ ከአስትሮሳይቱ ጋር ይጣበቃል፤ በኮኔክሲን 43 በኩልም የራሱን ቀዳዳ ይከፍታል። ከዚያ ሲጋምፕ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ይልክለታል። ይህ ሞለኪውል በተለመደው ጊዜ ቫይረስ ገብቷል ብሎ የሚጮህ የአደጋ ምልክት ነው። አስትሮሳይቱ ያምናል። ለመከላከል ብሎ ኢንተርፌሮንና ቲኤንኤፍ የሚባሉ ኬሚካሎችን ይለቃል። የካንሰሩ ሴል ደግሞ እነዚያን ኬሚካሎች ተቀብሎ ይበረታባቸዋል፤ ኬሞቴራፒንም ይቋቋማል።

ይህን ሳነብ ልቤን የነካው ተንኮሉ ነው። አስትሮሳይቱ ምንም አላጠፋም። ሥራውን ነው የሠራው። የመከላከያ መንገዱ ነው የጠላት ስንቅ ማመላለሻ የሆነው።

ተመራማሪዎቹ ቀዳዳውን የሚዘጉ ሁለት መድኃኒቶች አይጦች ላይ ሞከሩ። አንዱ ሜክሎፌናሜት ነው፤ ለሕመምና ለእብጠት የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት። ሌላው ቶናበርሳት፣ ለማይግሬን ራስ ምታት ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ሁለቱም በአይጦቹ አንጎል ውስጥ የነበረውን ካንሰር አዳከሙ፤ ከኬሞ ጋር ሲሰጡ ደግሞ የበለጠ ሠሩ። አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። ቢሆንም መንገዱ የት እንደሆነ ታውቋል።

አጥንትም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። የጡት ካንሰር ሲሰራጭ ከሁሉ አዘውትሮ የሚሄደው ወደ አጥንት ነው። የሂዩስተኑ ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2018 እንዳሳዩት፣ እዚያ የደረሱት ጥቂት የካንሰር ሴሎች አጥንት ከሚሠሩት ሴሎች ጋር በጋፕ ጀንክሽን ተገናኝተው ካልሲየም ይወስዳሉ። በዚያ ካልሲየም ይባዛሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ የተለየ ነገር አይተዋል። በአጥንት መቅኒ ውስጥ የካንሰር ሴሎች ከመቅኒው ሴሎች በዚሁ ቀዳዳ ትንንሽ አርኤንኤ (የዘረመልን ሥራ የሚቆጣጠሩ ሞለኪውሎች) ተቀብለው ይተኛሉ። መባዛት ያቆማሉ፤ አይሞቱም ግን። ሕክምናዋን ከጨረሰች ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰሩ አጥንቷ ላይ የተመለሰባት ሴት ስትሰሙ፣ አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ያለው እንቅልፍ ነው። ኬሞ በዋናነት የሚመታው የሚባዛን ሴል ነው። የተኛውን ለመግደል ይቸገራል።

ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚባለው የጡት ካንሰር ዓይነት ደግሞ ሦስተኛ መልክ አለው። ይህ ዓይነት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉትን ሆርሞኖች የሚቀበሉት ፕሮቲኖች፣ ማለትም የኤስትሮጅን ተቀባይም፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይም የለውም፤ ሄር-2 የሚባለውም ፕሮቲን አልበዛበትም። ስለዚህ የሆርሞን ሕክምናም ሆነ ሄር-2ን የሚመቱ የተለመዱት መድኃኒቶች አይጠቅሙትም። የክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በ2018 እንደጻፉት፣ በዚህ ካንሰር ውስጥ ኮኔክሲን 26 ሴሉ ውስጥ ተቀምጦ ናኖግ እና ፋክ ከሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ጋር ይጣመራል። ጥምረቱ ራሳቸውን እያደሱ ዕጢውን ለሚተኩት፣ ግንድ ሴል መሰል ለሆኑት የካንሰር ሴሎች ጉልበት ይሰጣል። እዚህ ላይ ቀዳዳም፣ ንግግርም የለም። ሠራተኛው ያው ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ሆኗል። ቡድኑ ከራሱ ከኮኔክሲን 26 የተቀዳ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ሠርቶ ጥምረቱን ለማፍረስ እየሞከረ ነው። እስካሁን ሥራው በላብራቶሪና በአይጥ ላይ ነው።

የሚያጣብቀው ፕሮቲን

ሴሎች ለመነጋገር አስቀድመው መያያዝ አለባቸው። ይህን የሚያደርገው ኢ-ካድሄሪን ነው። እሱ ከኮኔክሲን በተለየ ዛሬ በሆስፒታል ውስጥ በተግባር ይመረመራል።

ከጡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ሎቡላር የሚባለው ዓይነት ናቸው። የዚህ ዓይነት ሴሎች በአብዛኛው ኢ-ካድሄሪን አጥተዋል። ናሙና የሚመረምረው የፓቶሎጂ ሐኪም ከባዮፕሲው (ከዕጢው ከተወሰደው ናሙና) የተቆረጠውን ስስ ቁራጭ መስታወት ላይ ያደርግና ኢ-ካድሄሪንን በሚያወጣ ቡናማ ቀለም ያቀልመዋል። ደክታል የሚባለው የተለመደው ዓይነት ከሆነ በእያንዳንዱ ሴል ዙሪያ ቡናማ መስመር ይታያል፤ ሴሎቹም ተያይዘው ተከማችተዋል። ሎቡላር ከሆነ ብዙ ጊዜ መስመሩ የለም። ሴሎቹ እርስ በርስ ስለማይያያዙ አንድ በአንድ፣ ተራ በተራ በጡቱ ሥጋ ውስጥ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ሎቡላር ካንሰር ብዙ ጊዜ በእጅ የሚዳሰስ ጠንካራ እብጠት የማይሠራው። ጡቱ በአንድ በኩል ወፈር ወይም ጠንከር ብሎ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ማሞግራፊም (የጡት ራጅ) ሊስተው ይችላል። እብጠት አጣሁ ብላችሁ፣ በጡታችሁ ላይ ያስተዋላችሁትን ሌላ ለውጥ ችላ እንዳትሉ አደራ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህም ላይ ያው ሁለት መልክ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ የታመነው ኢ-ካድሄሪን ሲጠፋ ካንሰር ይሰራጫል ተብሎ ነበር። በ2019 ግን የባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በደክታል ካንሰር ላይ ተቃራኒውን አሳዩ። ኢ-ካድሄሪንን ሲያጠፉ ሴሎቹ ከዕጢው ወጥተው መግፋታቸው ጨመረ። ነገር ግን በመንገድ ላይ አለቁ፤ ሩቅ ሄደው ዕጢ የተከሉት ጥቂት ናቸው። ተያይዞ መሄድ ለካንሰሩ ሕይወቱን ያተርፍለታል።

ከዚያ በፊት በ2014 የቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች በደም ውስጥ የሚዞሩ የካንሰር ሴሎችን ተከታትለው ነበር። አብዛኞቹ ለየብቻ ይዞራሉ። ጥቂቶቹ ግን ተያይዘው፣ በቡድን ይሄዳሉ። ቡድኖቹ አዲስ ዕጢ የመትከል አቅማቸው ከነጠላዎቹ ከ23 እስከ 50 እጥፍ በለጠ። ስለዚህ ቡድኑን መበተን ቢቻልስ? የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ይህን በዲጎክሲን ሞከሩት፤ ዲጎክሲን የቆየ የልብ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ በሴሉ ሽፋን ላይ ያለውን የሶዲየም ፓምፕ ሲያግድ በሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ የሴሎቹም መያያዣ ይላላል። በ2025 መጀመሪያ በወጣው ውጤት፣ ካንሰሩ የተሰራጨባቸው 9 ታካሚዎች መድኃኒቱን ወስደው በደማቸው ውስጥ ያሉት ቡድኖች በአማካይ በ2 ሴል ገደማ አነሱ። ትንሽ ናት። ሐሳቡ ሰው ላይ እንደሚሠራ ግን አሳይታለች።

አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። ዲጎክሲንም ሆነ ሜክሎፌናሜት በራስ ውሳኔ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አይደሉም። በተለይ ዲጎክሲን በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ዜናውን አይታችሁ ለታመመ ዘመድ ከፋርማሲ እንዳትገዙ።

ለምን ገና መድኃኒት አልሆነም?

ኮኔክሲንን መዝጋት ለምን ከባድ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከካንሰር ውጪ ያለውን ሥራ ተመልከቱ። ኮኔክሲን 43 በልብ ውስጥ ምቱን ከሴል ወደ ሴል ያስተላልፋል። ኮኔክሲን 26 ለጆሮ የግድ ነው፤ ዘረመሉ የተዛባባቸው ሕፃናት መስማት ሳይችሉ ሊወለዱ ይችላሉ፤ በዘር ከሚመጡት የመስማት ችግሮች ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነው። በመላ አካል ውስጥ የሚዘጋ መድኃኒት ካንሰሩን ሊያዳክም ይችላል፤ ልብንም ሊያውክ ይችላል። መክፈትስ? ዕጢው ገና በጅምሩ ላይ ከሆነ ሊጠቅም ይችላል። አንጎል ላይ የደረሰ ካለ ግን ለዚያኛው በር እንደመክፈት ነው። በአንዲት ሴት አካል ውስጥ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ።

ስለዚህ «የሴሎችን ግንኙነት ያስተካክላል» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ወይም ጠብታ ካጋጠማችሁ ሻጩን ጠይቁት። የትኛውን ኮኔክሲን ነው? የት ላይ? ይከፍታል ወይስ ይዘጋል? መልስ የለውም። ገንዘቡም፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጊዜው ያሳዝነኛል። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ሁሉ የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎች ሐኪም ፊት የሚደርሱት ከገፋ በኋላ ነው። ካንሰሩ ጡት ውስጥ ብቻ ሳለ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። ያ የአንጎልና የአጥንት ተንኮል የሚመጣው ከጡት ከወጣ በኋላ ነው።

የፓቶሎጂ ወረቀት እጃችሁ ላይ ሲገባ ኮኔክሲን የሚል ቃል አትፈልጉ። እስካሁን ሕክምናን ለመወሰን የሚያገለግል የኮኔክሲን ምርመራ የለም። መፈለግ ያለባችሁ ሌሎቹን ነው። ዓይነቱ ደክታል ነው ወይስ ሎቡላር? ሎቡላር ካለ፣ በኢ-ካድሄሪን ተረጋግጧል? የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባዩስ? ሄር-2ስ? እነዚህ ምርመራዎች በሁሉም ሆስፒታል አይሠሩም፤ ናሙናው ወደ ሌላ ላብራቶሪ ሊላክ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ሐኪማችሁን «ተልኳል ወይ? መልሱ መቼ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሆርሞን ሕክምና ይሰጥ አይሰጥ የሚወሰነው በዚያ ነው።